ስፐርምን በመርፌ ወደ እንቁላል ማስገባት፦ በሌዘር እገዛ ወይስ በተለመደው መንገድ?

ልጅ ለመውለድ የሕክምና እርዳታ የሚሹ ባልና ሚስት የመጀመሪያዎቹን ምርመራዎች ጨርሰው የዋጋ ዝርዝር ሲቀርብላቸው፣ «ኢክሲ» (አንድ ስፐርም፣ ማለትም የወንድ ዘር ሕዋስ፣ በመርፌ ወደ እንቁላል የሚገባበት ሕክምና) የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም «ኢክሲ በሌዘር» የሚል ዋጋው ከፍ ያለ ሌላ መስመር ሊያገኙ ይችላሉ። ሌዘር የሚለው ቃል ብቻውን ጥራትንና ዘመናዊነትን ስለሚያሳስብ፣ ለስንት ዓመት የተጠበቀ ልጅ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ውድ የሆነውን አለመምረጥ ንፉግነት መስሎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሌዘሩ ለአብዛኞቹ ጥንዶች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፣ ለጥቂቶች ግን፣ በተለይም በቀደመው ሙከራ ብዙ እንቁላሎቻቸው በመርፌ መውጋት ለተበላሹባቸውና ሕያው ስፐርም ለይቶ ማውጣት ላስቸገረባቸው፣ ቁም ነገር ያለው መሣሪያ ነው። የትኛው ወገን ውስጥ እንደሆኑ ለማወቅ ደግሞ ከማስታወቂያ ወረቀቱ ይልቅ የላብራቶሪው መዝገብ ይጠቅማል።

ኢክሲ ራሱ ያስፈልጋል ወይ?

ንጽጽሩ መጀመር ያለበት ከአንድ ደረጃ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን የተወለደችበት ሕክምና፣ ማለትም የተለመደው አይ.ቪ.ኤፍ፣ እንቁላሉን ከብዙ ሺህ ስፐርሞች ጋር በአንድ ሳህን አስቀምጦ ውህደቱን ለእነርሱው መተው ነው። ኢክሲ ግን ከመካከላቸው አንድ ስፐርም ተመርጦ እጅግ ቀጭን በሆነ የብርጭቆ መርፌ በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ውስጥ የሚገባበት ዘዴ ነው። የተፈለሰፈውም የስፐርማቸው ቁጥር በጣም ላነሰ፣ እንቅስቃሴው ለደከመ ወይም በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ስፐርም ስለማይገኝ በቀዶ ሕክምና ከቆለጥ መውሰድ ግድ ለሆነባቸው ወንዶች ነው። ከዚህ በተጨማሪ ቀደም ባለ አይ.ቪ.ኤፍ እንቁላሎቹ ከስፐርሙ ጋር ሳይዋሃዱ ለቀሩባቸው ጥንዶች፣ እንዲሁም በረዶ ቤት ቆይተው ለቀለጡ እንቁላሎች ይመረጣል።

የባልየው ስፐርም ጤናማ ሲሆንስ? በቬትናም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። የስፐርማቸው ብዛትና እንቅስቃሴ ጤናማ የሆነ 1,064 ጥንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በኢክሲ፣ ግማሾቹ በተለመደው አይ.ቪ.ኤፍ ታከሙ። ከመጀመሪያው የጽንስ ዝውውር፣ ማለትም ጽንሱ ወደ ማህፀን ከገባ፣ በኋላ ሕያው ልጅ የወለዱት በኢክሲ 35 ከመቶ፣ በአይ.ቪ.ኤፍ 31 ከመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ከአጋጣሚ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ የዘር ፈሳሽ ምርመራው ደኅና ሆኖ ሳለ የሌዘር ኢክሲ የቀረበላቸው ጥንዶች ስለ ሌዘሩ ከመጠየቃቸው በፊት መርፌው ራሱ ለምን እንዳስፈለገ ቢጠይቁ መልካም ነው። በርግጥ ሐኪሙ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን መነገር አለበት።

የተለመደው ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ

ኢክሲ የተወለደው በብራስልስ ነው። በዚያው ከተማ በሚገኘው ፍሌሚሽ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው ጃንፒዬሮ ፓሌርሞ ስፐርምን ከእንቁላሉ ውጫዊ ቅርፊት ሥር ብቻ ለማኖር ሲሞክር መርፌው ሳይታሰብ እንቁላሉ ውስጥ ገባ፤ ያ እንቁላልም ወደ ጽንስነት ተለወጠ። እርሱና ባልደረቦቹ የመጀመሪያዎቹን እርግዝናዎች ለሕክምናው ዓለም ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ዘዴው ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ቆይቷል።

ሌዘሩ የትኛውን ሥራ እንደሚተካ ለመረዳት ሂደቱን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የበሰለ የሰው እንቁላል ቅርፊቱን ሳይጨምር ከ100 እስከ 120 ማይክሮን ያህል ስፋት አለው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዙሪያውን የሚሸፍነው ጠንካራ ቅርፊት፣ ባለሙያዎቹ «ዞና» የሚሉት፣ ከ15 እስከ 20 ማይክሮን ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ከእርሱ ሥር ደግሞ የእንቁላሉን አካል የሚይዝ በጣም ስስ ሽፋን አለ። እነዚህን ሁለቱን፣ ቅርፊቱንና ስሱን ሽፋን፣ አንባቢ ለይቶ ይያዛቸው፤ የንጽጽሩ ቁልፍ እዚያ ነው።

እንቁላሎቹ ከእናቲቱ ከወጡ በኋላ በዙሪያቸው ያሉት ትንንሽ ሕዋሳት በኢንዛይም ይታጠባሉ፤ የበሰሉት ብቻም ይለያሉ። ኢምብሪዮሎጂስቱ፣ ማለትም በላብራቶሪው የሚሠራው የጽንስ ባለሙያ፣ የመረጠውን ስፐርም ጭራውን በመርፌው ጫፍ ሳህኑ ላይ ጫን አድርጎ ያስቆመዋል። ይህ እንዳይሮጥ ብቻ አይደለም፤ የስፐርሙ ሽፋን ሲሰነጠቅ እንቁላሉን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ በአንድ በኩል ለስላሳ ጫፍ ባለው ቱቦ በቀስታ ተስቦ ይያዛል። እንደ ሰዓት ፊት ብናስበው፣ የእንቁላሉ የዘር ቅንጣቶች የሚገኙበትን አቅጣጫ የምትጠቁመው ትንሽ አካል 12 ወይም 6 ሰዓት ላይ እንድትሆን ይደረግና መርፌው በ3 ሰዓት በኩል ይገባል። የመርፌው የውስጥ ስፋት 5 ማይክሮን ያህል ነው።

መርፌው ዞናውን ሲገፋ እንቁላሉ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ጣት የተጫነው ፊኛ እንደሚሆነው። ዞናው ከተበሳ በኋላም ስሱ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይቀደድም፤ መርፌውን ተከትሎ እስከ እንቁላሉ መሐል ይሳባል። ባለሙያው የእንቁላሉን ፈሳሽ በጥቂቱ ወደ መርፌው ስቦ ሽፋኑ ሲቀደድ ያስተውላል፣ ወዲያውም ስፐርሙን ለቅቆ መርፌውን ያወጣል። ይህች ቅጽበት የሙያው ሁሉ ማጠንጠኛ ናት። ፈሳሹ ከልክ በላይ ከተሳበ እንቁላሉ ይጎዳል፤ ሽፋኑ ሳይቀደድ ስፐርሙ ከተለቀቀ ደግሞ በእንቁላሉ ውስጥ ሳይሆን በሽፋኑ እጥፋት ተይዞ ይቀራል። የአንዳንድ ሴቶች እንቁላል ሽፋን በተቃራኒው ገና ሲነኩት የሚቀደድ ነው። እንዲህ ያለው እንቁላል ከመርፌው በኋላ ጠቁሮና ፈርሶ የመገኘት ዕድሉ ከሌሎቹ ከፍ ይላል።

በዚህ ዘዴ ምን ያህል ጉዳት ይጠበቃል? በቪየና የተሰበሰቡ የአውሮፓና የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ለላብራቶሪዎች ባወጡት መመዘኛ በኢክሲ ከተወጉት እንቁላሎች የሚበላሹት ከ10 ከመቶ መብለጥ እንደሌለባቸው፣ የጥሩ ላብራቶሪ ግብ ደግሞ 5 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ አስቀምጠዋል። በትክክል የሚዋሃዱት ቢያንስ 65 ከመቶ እንዲሆኑ፣ ግቡም 80 ከመቶ እንዲሆን ወስነዋል። እነዚህን አራት ቁጥሮች ማስታወሻ ላይ መጻፍ ለማንኛውም ታካሚ ይበጃል።

ሌዘሩ የሚተካውና የማይተካው

ለዚህ ሥራ የሚውለው ሌዘር በማይክሮስኮፑ መነጽር በኩል የሚተኮስ፣ የሞገድ ርዝመቱ 1.48 ማይክሮን የሆነ፣ በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊዘርላንድ ለጽንስ ሥራ እንዲውል የተዘጋጀው ይህ የጨረር ዓይነት በውሃ በሚገባ ስለሚዋጥ ሙቀቱ በተተኮሰበት ነጥብ ዙሪያ ብቻ ይወሰናል፤ የዘር ቅንጣትን ከሚጎዳው የአልትራቫዮሌት ጨረርም በእጅጉ የራቀ ነው። እያንዳንዱ ምት የሚቆየው ሚሊሰከንዶችን ብቻ ነው።

በሌዘር በታገዘ ኢክሲ ስፐርሙን የሚያስገባው ያው መርፌ፣ የሚይዘውም ያው የባለሙያው እጅ ነው። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌው ከመግባቱ በፊት በ3 ሰዓት አቅጣጫ በዞናው ላይ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን የሚሆን ቀዳዳ በሌዘር ይከፈታል፣ ወይም ዞናው እንዲሳሳ ይደረጋል። መርፌውም ቅርፊቱን መግፋት ሳያስፈልገው በተከፈተለት በር ይገባል። እንቁላሉ ስለማይጎደጉድ ውስጡ ያለው ግፊት አይጨምርም፣ በቀላሉ የሚቀደድ ሽፋን ያላቸው እንቁላሎችም ያለጊዜያቸው ከመቀደድ ይድናሉ፤ ሐሳቡ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን የማስታወቂያ ወረቀቶች የሚዘሉት ነጥብ አለ። ሌዘሩ የሚከፍተው ቅርፊቱን እንጂ ስሱን ሽፋን አይደለም። ከላይ የተነገረችው አስጨናቂ ቅጽበት፣ ፈሳሹን በልኩ ስቦ ሽፋኑን መቅደድ፣ በሌዘሩም ጊዜ እንዳለች ናት። ከእንቁላል ጉዳት ውስጥ በዞናው ግፊት የሚመጣውን ክፍል ሌዘሩ ሊያቀልል ይችላል፤ በሽፋኑ መቀደድ የሚመጣውን ግን አያስቀርም። ልምድ የሌለው እጅ ሌዘር ስለያዘ ልምድ ያለው አይሆንም።

ለሽፋኑም ጭምር የታሰበ ሦስተኛ መንገድ አለ። ፒዬዞ ይባላል፤ ጫፉ ያልሾለ መርፌ በኤሌክትሪክ በሚፈጠር እጅግ ፈጣን ንዝረት ቅርፊቱንም ሽፋኑንም ያለ መሳብ ይበሳል። በጃፓን በስፋት ይሠራበታል። ሌላ ቦታ የሚያገኘው ታካሚ ጥቂት በመሆኑ እዚህ በዝርዝር አልሄድበትም፤ ሆኖም እንቁላሎቿ በተደጋጋሚ የሚፈርሱባት ሴት ባለችበት አገር ፒዬዞ ካለ ስለ ሌዘሩ በምትጠይቅበት ቀን ስለ እርሱም ብትጠይቅ ጊዜዋ አይባክንም።

«ሌዘር» ሲባል የትኛው?

በአንድ ላብራቶሪ ያለ አንድ የሌዘር መሣሪያ ቢያንስ ለአራት የተለያዩ ሥራዎች ይውላል፤ ደረሰኝ ላይ ግን ሁሉም «ሌዘር» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው እስካሁን የተነጋገርንበት፣ ለመርፌው በር መክፈት ነው። ሁለተኛው ከቀናት በኋላ ጽንሱ ወደ ማህፀን ከመዛወሩ በፊት ቅርፊቱን ጥሶ እንዲወጣ ማገዝ ነው። ሦስተኛው ለዘረመል ምርመራ ከጽንሱ ጥቂት ሕዋሳት መውሰድ ነው። አራተኛው ስፐርምን ይመለከታል፣ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። የእነዚህ ጥቅምና ማስረጃ ፈጽሞ የተለያየ በመሆኑ የአንዱን መልካም ስም ለሌላው ማውረስ ስሕተት ነው። ዋጋ ከመክፈል በፊት ሌዘሩ በየትኛው ቀን፣ በእንቁላል ላይ ነው ወይስ በጽንስ ላይ፣ ለምን ዓላማ እንደሚተኮስ በግልጽ መጠየቅ ብዙ ውዥንብር ያጠራል።

ጥናቶቹ የሚሉት

እ.ኤ.አ. በ2001 ከጣሊያን፣ በ2002 ደግሞ ከብራዚል የወጡ ሪፖርቶች ሌዘሩን በተስፋ ተቀብለውት ነበር፤ ከመርፌው የሚተርፉት እንቁላሎች ቁጥር እንደተሻሻለ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው በዕጣ የተከፋፈለ ጥናት ግን ሌዘሩ ከተለመደው ኢክሲ የሚበልጥበት ነገር አላገኘም። አንዱ «ይሻላል»፣ ሌላው «አይሻልም» ሲል አንባቢ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱን ማስታረቅ የሚያስቸግር አይደለም። በተለመደው ዘዴ ከ100 እንቁላል የሚበላሽበት አምስት ብቻ የሆነ ላብራቶሪ በሌዘር የሚያተርፈው ነገር እምብዛም ነው፤ ሃያ የሚበላሽበት ላብራቶሪ ወይም ታካሚ ግን ልዩነቱን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። የሌዘሩ ጥቅም የሚለካው መነሻው ላይ በነበረው ጉዳት ልክ ነው ማለት ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። የተረፈ እንቁላል ብዛት፣ የተዋሃደ እንቁላል ብዛትና የተወለደ ልጅ ሦስቱ አንድ አይደሉም። አሥራ ሁለት የበሰሉ እንቁላሎች ያሏት የሠላሳ ዓመት ሴት አንድ እንቁላል ተጨማሪ ቢተርፍላት ደስ ይላል እንጂ መጨረሻ ላይ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ያን ያህል አይለወጥም፤ የሚዛወርላት አንድ ጽንስ ነውና ከሌሎቹ አሥራ አንዱ ሊገኝ ይችላል። አራት እንቁላል ብቻ ለተገኘላት የአርባ ዓመት ሴት ግን አንዱ ሲፈርስ ከተስፋዋ ሩቡ ሄደ። ስለዚህ በማዕከሉ በራሪ ወረቀት ላይ «ውጤት ጨምሯል» የሚል ቃል ሲነበብ የትኛው ውጤት እንደሆነ መጠየቅ ያሻል።

ለማን የትኛው

የመጀመሪያ ሙከራቸው ለሆነ፣ የእንቁላል ቁጥር ላላነሰባቸውና ሥራው በቪየናው መመዘኛ ውስጥ በሆነ ላብራቶሪ ለሚታከሙ ጥንዶች የተለመደው ኢክሲ በቂ ነው። ለሌዘሩ የሚከፈለው ገንዘብ ተቀምጦ ለሚቀጥለው የጽንስ ዝውውር ወይም ለመድኃኒት ቢውል ይሻላል፤ የዚህ ሕክምና ወጪ በአንድ ዙር ላያበቃ እንደሚችል የገባበት ሁሉ ያውቀዋል።

ሌዘሩን በቁም ነገር መመልከት ያለባት በመጀመሪያ ደረጃ በቀደመው ዙር ከተወጉት እንቁላሎቿ ብዙዎቹ በማግሥቱ ፈርሰው የተገኙባት ሴት ናት። ከአሥር አንዱ ቢበላሽ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ከአሥር አራቱ ወይም አምስቱ ሲበላሹ ግን ወይ የእንቁላሎቹ ሽፋን በቀላሉ የሚቀደድ ነው፣ ወይ በባለሙያው እጅ ላይ ችግር አለ። ለመለየት የሚረዳው በዚያው ቀን የሌሎች ታካሚዎች እንቁላሎች እንዴት እንደሆኑ ላብራቶሪው ማወቁ ነው፤ የሌሎቹ ደኅና ሆነው የእርሷ ብቻ ከፈረሱ ምክንያቱ ከእንቁላሎቹ ነው፣ ያን ጊዜ ሌዘር ወይም ፒዬዞ መሞከሩ ምክንያት አለው። የሁሉም ከፈረሱ ግን መሣሪያ ከመለወጥ በፊት የሥራውን አካሄድ መመርመር ይቀድማል። በሁለተኛ ደረጃ ዞናው ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ መርፌው ሲገፋው እንቁላሉ ክፉኛ እንደተጣመመ በመዝገብ የተጻፈባት ሴት፣ በተለይም የእንቁላሎቿ ቁጥር ጥቂት ከሆነ፣ ከዚሁ ዘዴ ልትጠቀም ትችላለች። እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር፤ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ እንቁላል ለማግኘት ተስፋ በሌለበት ሁኔታ፣ መሣሪያውን በየቀኑ የሚጠቀም ባለሙያ ካለና ተጨማሪው ዋጋ የማያናጋ ከሆነ፣ ማስረጃው ደካማ ቢሆንም ሌዘሩን የመረጡትን ጥንዶች ተሳስታችኋል ለማለት አልደፍርም።

በመካከል የሚገኝ አንድ አማራጭም አለ። እንቁላሎቹ በቂ ከሆኑ ግማሾቹን በተለመደው፣ ግማሾቹን በሌዘር ወግቶ በማግሥቱ ማወዳደር ይቻላል። የአንድ ሴት እንቁላሎች በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በሁለት መንገድ ተሠርተው ሲታዩ ከየትኛውም ሕዝብ ላይ ከተሠራ ጥናት ይልቅ ስለ እርሷ የሚናገሩት ይበልጣል፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ግን የአንድ እንቁላል ልዩነት ማስረጃ መስሎ እንዳይታይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስፐርሙ የማይንቀሳቀስ ሲሆን

ከሌዘሩ ሥራዎች ሁሉ ብዙ ያልተነገረለት ይኸኛው ይመስለኛል። አንዳንድ ወንዶች በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ያሉት ስፐርሞች ሁሉ ፈጽሞ አይንቀሳቀሱም። ምክንያቱ አንዳንዴ በዘር የሚወረስ የጭራ አሠራር ጉድለት ነው፤ ከቆለጥ በቀዶ ሕክምና የወጣ ስፐርምም ገና ስላልበሰለ አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስም። አለመንቀሳቀስ ሁልጊዜ ሞት ማለት አይደለም፤ ችግሩ ሕያውንና ሙቱን በዓይን መለየት አለመቻሉ ነው። የሞተ ስፐርም ወደ እንቁላል ቢገባ እንቁላሉ ይባክናል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የተገለጸው ዘዴ ቀላል ነው። ሌዘሩ በአንድ ደካማ ምት የስፐርሙን ጭራ ጫፍ ይነካል፤ ስፐርሙ ሕያው ከሆነ ጭራው ይጠመጠማል፣ የሞተ ከሆነ ቀጥ ብሎ እንዳለ ይቀራል። የተጠመጠመው ይመረጥና በተለመደው መርፌ ወደ እንቁላሉ ይገባል። ከሌዘር ውጭ ያሉት አማራጮች ስፐርሙን ጨዋማነቱ በቀነሰ ፈሳሽ ውስጥ ከትቶ ጭራው ሲያብጥ ማየት ወይም እንቅስቃሴን የሚያነሣሣ ኬሚካል መጨመር ናቸው። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በረዶ ቤት በቆየ ወይም ከቆለጥ በወጣ ናሙና ላይ ሊያሳስት ይችላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ስፐርሙን ለባዕድ ኬሚካል ያጋልጣል። ስለዚህ የስፐርም እንቅስቃሴው ዜሮ ከሆነበት ባል ጋር የመጡ ጥንዶች ማዕከሉ ሌዘር እንዳለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ለእንቁላሉ ቀዳዳ ባይፈልጉትም ለዚህ ሊፈልጉት ይችላሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በዘር ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ያልተገኘበት ወይም ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ወንድ የትኛውም መርፌ ከመመረጡ በፊት የክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር ውርስ የሚተላለፍባቸው ክሮች፣ እንዲሁም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞሶም ጉድለት ምርመራ ማድረግ አለበት። የዋይ ክሮሞሶም ጉድለት ያለበት አባት በኢክሲ ወንድ ልጅ ቢወልድ ልጁ ያንኑ ጉድለት ይወርሳል። በአገራችን ልጅ አልወለድ ሲል በቅድሚያ የምትመረመረው ሚስት፣ ጸበሉንም ስለቱንም የምትሸከመው እርሷ በመሆኗ ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ርካሹና ቀላሉ ነው።

ሊመጣ የሚችል ጉዳት

ሌዘሩ ወደ እንቁላሉ አካል ከተጠጋ ሙቀቱ ሊጎዳው ይችላል፤ ለዚህም ነው ምቱ አጭር፣ አቅጣጫው በዞናውና በሽፋኑ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ባለበት በኩል የሚሆነው። አንዳንዶች ዞናውን ሙሉ በሙሉ ሳይበሱ ከውፍረቱ ጥቂት አስቀርተው የሚያሳሱትም ይህንኑ ፈርተው ነው። ሁለተኛው ስጋት ቀዳዳው ራሱ ነው። መርፌ የሚተወው ክፍተት ሲወጣ መልሶ ይገጥማል፤ በሌዘር የተከፈተው ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ጽንሱም በኋላ ከቅርፊቱ የሚወጣበትን መንገድ ሊለውጥ ይችላል። በጠባብ ቀዳዳ ተይዞ ለሁለት የተከፈለ ጽንስ አንድ ዓይነት መንትዮች ሊሆን ይችላል የሚለው ስጋትም የተነሣው ከዞና መቅደድ ጋር ተያይዞ ነው፤ አንዳንድ ጥናቶች ይህን ሲደግፉ ሌሎቹ አላዩትም። እንቁላሉ ከኢንኩቤተር፣ ማለትም በሙቀት ከሚቆይበት ሣጥን፣ ውጭ የሚቆይበት ጊዜም በመጠኑ ይረዝማል።

ኢክሲ በጠቅላላው፣ በሌዘርም ሆነ ያለ ሌዘር፣ በተፈጥሮ ከተፀነሱት ጋር ሲነጻጸር በተወለዱት ልጆች ላይ የአካል ጉድለት በመጠኑ ከፍ ብሎ የሚታይበት ሕክምና መሆኑን ታካሚዎች ሊያውቁ ይገባል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ከፊሉም ከመርፌው ይልቅ ከወላጆቹ የመካንነት ምክንያት የመጣ እንደሆነ ይታመናል።

የት እና በስንት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት የአይ.ቪ.ኤፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፍቷል፤ የግል ማዕከላትም አሉ። ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄዱ ጥንዶች ደግሞ ዋጋው በጥቅል ስለሚነገራቸው ሌዘሩ ከውስጡ ይሁን ከውጭው ሳያውቁ ሊከፍሉ ይችላሉ። በእስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ሁኔታ የተለየ ነው፤ እዚያ መንግሥት በጤና ፈንዶች በኩል ለሁለት ልጆች ያህል፣ ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ የአይ.ቪ.ኤፍን ወጪ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ጥያቄያቸው ከገንዘብ ይልቅ የትኛው ላብራቶሪ የሚለው ነው።

ከአገር ውጭ ለመታከም የሚወጣ ሰው ከመሣፈሩ በፊት በስልክም ሆነ በጽሑፍ መልስ ሊያገኝላቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ባለፈው ዓመት በኢክሲ ከወጋችኋቸው እንቁላሎች ስንት ከመቶው ፈረሱ? ሌዘሩን የምትጠቀሙት ለሁሉም ነው ወይስ በምርጫ፣ ምርጫውስ በምን ይወሰናል? ሌዘሩን የሚሠራው ሰው በሳምንት ስንት ጊዜ ይሠራበታል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር የሰጠ ማዕከል፣ ቁጥሩ ግሩም ባይሆን እንኳ፣ «የእኛ ውጤት ከሁሉም ይበልጣል» ብሎ ካለፈው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል። ለሁሉም ታካሚ ሌዘር እንጠቀማለን ባይ ማዕከል ደግሞ የተለመደው ኢክሲ በእጁ ምን ያህል እንቁላል እንደሚያበላሽ ሊጠየቅ ይገባል፤ ጥቂት ከሆነ ሌዘሩ ለምን ለሁሉም ያስፈልጋል?

ዙሩ በደስታም ሆነ በሐዘን ሲጠናቀቅ ከማዕከሉ ከመውጣት በፊት የሚጠየቅ አንድ ወረቀት አለ። በላዩ ላይ ስንት እንቁላል እንደወጣ፣ ስንቱ የበሰለ እንደነበር፣ ስንቱ እንደተወጋ፣ በምን ዘዴ፣ በማግሥቱ ስንቱ ሕያው ሆኖ እንደተገኘና ስንቱ ሁለት ኒውክለስ (የእናትና የአባት የዘር ቅንጣቶችን የያዙ ሁለት ክብ ነጥቦች) አሳይቶ እንደተዋሃደ ሊጻፍበት ይገባል፤ እንቁላሎቹ ሲወጉ ሽፋናቸው ቶሎ የተቀደደ ወይም ዞናቸው የጠነከረ ከነበረም ኢምብሪዮሎጂስቱ በራሱ እጅ እንዲያሰፍርበት መጠየቅ ነው። ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ፣ በዚያው ማዕከል ይሁን በሌላ፣ አዲሱ ሐኪም በሌዘር ወይስ ያለ ሌዘር የሚለውን የሚወስነው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።